ከክሪክ እስከ አሉሚኒየም መስኮት፡ የጆሴፍ ብራማህ ሕይወት

አዳማ የመንገድ ከተማ ናት። ከጅቡቲ ወደብ ጭነው ወደ መሃል አገር የሚዘልቁ ተሳቢ መኪኖች ከጎማ ቤቶቿ ደጃፍ ቆመው ማየት የተለመደ ነው። ጎሚስታው ክሪኩን ከመኪናው ሥር ይሰድና እጀታውን ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ብዙ ኩንታል የተሸከመው መኪና በአንድ ሰው ክንድ ቀስ በቀስ ከመሬት ይነሳል። ከጎማ ቤቱ ትንሽ አለፍ ሲሉ ደግሞ የመጋዝ ጩኸት ጆሮ ይበጥሳል። የአሉሚኒየም ሥራ ቤት ነው። ስድስት ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ፕሮፋይሎች ከግድግዳው ተደግፈው ቆመዋል። ወጣቶቹ ይለካሉ፣ ይቆርጣሉ፣ በብሎን ያያይዛሉ፣ መስታወት ይገጥማሉ። ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ብዙ ሆቴሎች፣ ባንኮችና የመኖሪያ ሕንፃዎች መስኮታቸውን የሚያገኙት እንዲህ ካሉ ቤቶች ነው።

ጎሚስታውና የአሉሚኒየም ሠራተኛው ላይተዋወቁ ይችላሉ። መሣሪያዎቻቸው ግን ዘመዳሞች ናቸው። መኪናውን ያነሳው ክሪክም ሆነ ፕሮፋይሉን ከድፍን አሉሚኒየም ጨምቆ ያወጣው ግዙፍ ማሽን፣ ዘራቸው ሲቆጠር ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ወደኋላ ሄዶ ከአንድ ሰው ላይ ይደርሳል። ይህ ሰው እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማህ ነው። ብራማህ የሞተው አሉሚኒየም የሚባለውን ብረት በዓይኑ ሳያይ ነው። ቢሆንም ዛሬ አሉሚኒየም ቅርፅ የሚያገኝበት መንገድ መነሻው እርሱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የገበሬው ልጅ

ብራማህ የተወለደው በ1748 በሰሜን እንግሊዝ በዮርክሻየር፣ ከባርንስሌይ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ስቴይንቦሮ መንደር ነው። አባቱ ገበሬ ነበር። እንደ ወጉ ቢሆን ልጁም የአባቱን እርሻ ይዞ በኖረ ነበር። ነገር ግን ገና በአፍላነቱ እግሩ ላይ ጉዳት ደረሰበትና ለእርሻ ሥራ የማይመች ሆነ። ቤተሰቡም በአካባቢው ለነበረ አናጢ በተለማማጅነት ሰጠው። እግሩ ባይጎዳ ኖሮ ስሙን ዛሬ የሚያነሳ አይኖርም ነበር።

የአናጢነቱን ሙያ ከጨረሰ በኋላ ዕድሉን ፍለጋ ወደ ለንደን ሄደ። በዚያም የቤት ዕቃ እየሠራ መኖር ጀመረ። ከሥራዎቹ አንዱ በባለጸጎች ቤት በውኃ የሚታጠብ መጸዳጃ መግጠም ነበር። መጸዳጃው በዚያን ጊዜ አዲስ ነገር ነው። ብራማህ ሲገጥም አንድ ጉድለት አስተዋለ። በክረምቱ ብርድ ውኃው እየረጋ በረዶ ስለሚሆን መዝጊያው አልንቀሳቀስ ይላል። እርሱም መዝጊያውን በማጠፊያ ላይ በሚወድቅ ክዳን ለወጠውና በ1778 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጣበት። ሥራው ተወዳጅ ሆነ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተሸጡለት። የገበሬው ልጅ የራሱ ሥራ ቤት ባለቤት ለመሆን በቃ።

ማንም ያልከፈተው ቁልፍ

በ1784 ደግሞ ብራማህ አዲስ ዓይነት ቁልፍ ፈጠረ። በቁልፉ ውስጥ በርካታ ቀጫጭን ተንሸራታች ብረቶች አሉ። እያንዳንዳቸው በልካቸው ካልተገፉ በስተቀር ቁልፉ አይዞርም። አንዱ ከልኩ በፀጉር ስንጥቅ ያህል ቢያልፍ ወይም ቢጎድል በሩ እንደተዘጋ ይቀራል። ብራማህ በራሱ ሥራ ከመተማመኑ የተነሳ 18 ተንሸራታች ያለው አንድ ቁልፍ በለንደን ፒካዲሊ ጎዳና ላይ በነበረው ሱቁ መስኮት ሰቀለና ያለመክፈቻው ለከፈተው ሰው 200 ጊኒ እሸልማለሁ ሲል አወጀ። ቁልፉ ከ60 ዓመታት በላይ ማንም ሳይከፍተው ተሰቅሎ ቆየ። ብራማህ ሞቶ ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ በ1851 አልፍሬድ ሆብስ የሚባል አሜሪካዊ ቁልፍ ሠሪ ለ16 ቀናት ያህል ሲታገለው ሰንብቶ ከፈተውና ሽልማቱን ወሰደ። ያ ቁልፍ ዛሬ በለንደን የሳይንስ ሙዚየም ተቀምጧል።

ቁልፉ ግን ለፈጣሪው ራሱ ችግር ፈጥሮበት ነበር። ሐሳቡ ሠምሯል፤ ሥራው ግን አልገፋ አለ። እንዲህ ያሉ ረቂቅ ክፍሎችን በሞረድ እየሞረዱ አንድ በአንድ መሥራት ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ ዋጋውም አይቀመስም። ብራማህ የሚያስፈልገው ሌላ ሐሳብ ሳይሆን ሐሳቡን ወደ ብረት የሚለውጥ እጅ ነበር። ያንን እጅ በ1789 አገኘው።

የ18 ዓመቱ ወጣት

ሄንሪ ሞድስሌይ በዚያን ጊዜ ዕድሜው 18 ነበር። ከለንደን ወጣ ብሎ ባለው የዉሊች መሣሪያ ግምጃ ቤት በልጅነቱ ሥራ ጀምሮ በብረት ሥራ ስሙ የተነሳ ወጣት ነው። እንደሚተረከው የብራማህ ሠራተኞች መጀመሪያ ሲያዩት ልጅነቱን ንቀው ነበር። በዚያ ላይ የሰባት ዓመቱን የልምምድ ዘመን አልጨረሰም። ሞድስሌይ ግን ሥራ ቤቱ ውስጥ ያረጀ ሞርሳ አየና እስከ ማታ አድሰዋለሁ አለ። መንጋጋዎቹን ሞርዶ፣ ጥርስ አውጥቶ፣ ብረቱን አጠንክሮ እንደ አዲስ አድርጎ አስረከባቸው። ከዚያ በኋላ የጠየቀው አልነበረም።

ሞድስሌይ ለቁልፉ ክፍሎች መሥሪያ የሚሆኑ ማሽኖችን ሠራ። በእጅ ሲሠራ ቀናት ይወስድ የነበረው ሥራ በማሽን ፈጠነ፤ አንዱ ክፍል ከሌላው ጋርም ተመሳሰለ። ወጣቱ ብዙም ሳይቆይ የሠራተኞቹ ኃላፊ ሆነ። ያገባትም በብራማህ ቤት ትሠራ የነበረችውን ሴት ነው።

በውኃ ጉልበት የሚጫን ማሽን

በ1795 ብራማህ ለዘለቄታው ስሙን ያስጠራለትን የሃይድሮሊክ መጫኛ ማሽን አስመዘገበ። የተመሠረተበት ሕግ ከእርሱ በፊት በ17ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል የታወቀ ነው። በታሸገ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ አንድ ቦታ ላይ ሲጫኑት ግፊቱን በሁሉም አቅጣጫ እኩል ያስተላልፋል። ስለዚህ አንድ ጠባብ ፒስተንና ስፋቱ የእርሱ መቶ እጥፍ የሆነ ሌላ ፒስተን በቱቦ ቢገናኙ፣ በጠባቡ ላይ በ10 ኪሎ ጉልበት የገፋ ሰው በሰፊው በኩል 1,000 ኪሎ ያነሳል። ጉልበቱ በነፃ አይመጣም። ጠባቡ ፒስተን አንድ ሜትር ሲወርድ ሰፊው የሚነሳው አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጎሚስታው ክሪኩን ደጋግሞ የሚረግጠው ወይም የሚያነሳው ለዚህ ነው።

ሕጉ ከመቶ ዓመት በላይ ታውቆ ሳለ ማሽኑ ለምን ዘገየ? ምክንያቱ ውኃው ማፍሰሱ ነው። ግፊቱ ሲጨምር ውኃው በፒስተኑና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት ይወጣል። ክፍተቱን አጥብቀው ሲወትፉት ደግሞ ፒስተኑ ተጣብቆ አልመለስ ይላል። መፍትሔው አፉ እንደ ጽዋ የተከፈተ የቆዳ ቀለበት ሆነ። ግፊቱ ሲመጣ ውኃው ራሱ የቆዳውን ከንፈር ወደ ፒስተኑ እየጫነ ያሽገዋል፤ ግፊቱ ሲቆም ቆዳው ላላ ብሎ ይለቃል። ግፊቱ በበረታ ቁጥር ማሸጊያውም ይበረታል ማለት ነው። ብዙዎች እንደሚሉት ይህን ያመጣው ሞድስሌይ ነው። የባለቤትነት መብቱ የተመዘገበው ግን በብራማህ ስም ነው።

በ1797 የሆኑ ሁለት ነገሮች

በ1797 ብራማህ ሌላ መብት አስመዘገበ። ከያዛቸው ሐሳቦች አንዱ ቱቦ የሚሠራበት ማሽን ነበር። በዚያን ጊዜ የውኃ ቱቦ የሚሠራው ከእርሳስ ነው። የእርሳሱን ዝርግ ጠቅልለው ጠርዙን በመበየድ ይሠሩት ስለነበር ብየዳው በቀላሉ ይከፈት ነበር። ብራማህ ያሰበው የቀለጠውን እርሳስ በፒስተን እየገፉ ቀለበት በመሰለ ቀዳዳ ማስወጣት ነው። በቀዳዳው መካከል ዘንግ ስለሚቆም እርሳሱ በዙሪያው አልፎ ሲረጋ ብየዳ የሌለው፣ በተፈለገው መጠን የሚረዝም ቱቦ ይሆናል። በመኮሮኒ ፋብሪካ ሊጡ በቀዳዳ ተገፍቶ መሃሉ ክፍት ሆኖ እንደሚወጣው ዓይነት ነው። ዛሬ ኤክስትሩዥን የሚባለው የአሠራር ዘዴ ለብረታ ብረት የታሰበው በዚህ ሰነድ ነው።

በዚያው ዓመት ሞድስሌይ ደመወዝ እንዲጨመርለት ጠየቀ። ስምንት ዓመት አገልግሏል፤ ቤተሰብ መሥርቶ ልጆች ወልዷል። የሚከፈለው በሳምንት 30 ሺሊንግ ነበር። ብራማህ ጥያቄውን አልተቀበለውም። ሞድስሌይም ዕቃውን ሸክፎ ወጣና በዚያው በለንደን የራሱን ትንሽ ሥራ ቤት ከፈተ።

የሚከተለው ታሪክ በቴክኖሎጂ ትምህርት ቤት ላለፈ ሁሉ የታወቀ ነው። ሞድስሌይ ብሎን በትክክል የሚያወጣውን ቶርኖ አሻሻለ። ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል የመርከብ ገመድ መዘውሮችን በብዛት የሚያመርቱ ማሽኖች ሠራ። በሥራ ቤቱ ካለፉት መካከል ጆሴፍ ዊትዎርዝ፣ ጄምስ ናስሚዝና ሪቻርድ ሮበርትስ ይገኙበታል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ የማሽን ሥራ በእነዚህ ሰዎች ትከሻ ላይ የቆመ ነው። ብራማህ በሳምንት ጥቂት ሺሊንግ አተርፋለሁ ሲል የዘመኑን ምርጥ ባለሙያ አጣ።

የቱቦው ማሽንስ? ሐሳቡ ለብዙ ዓመታት ወረቀት ላይ ቀረ። እርሳስን በሃይድሮሊክ ጉልበት ገፍቶ ቱቦ ማውጣት በተግባር የዋለው በ1820 ገደማ ቶማስ በር በተባለ ሰው ነው። የሞድስሌይ መሄድ ለመዘግየቱ ምክንያት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መግጠማቸው ግን ያሳስባል። ሐሳቡም የሃይድሮሊክ ማሽኑም በአንድ ሥራ ቤት ነበሩ። ሁለቱን የሚያገናኝ እጅ ግን ከበሩ ወጥቶ ሄዷል።

የመጨረሻው ሥራ

ብራማህ ከዚያ በኋላም አላረፈም። በ1802 የእንጨት መላጊያ ማሽን፣ በ1806 ደግሞ በባንክ ኖቶች ላይ ተከታታይ ቁጥር የሚያትም ማሽን አስመዘገበ። ቀድሞ ቁጥሩን በእጃቸው የሚጽፉ የባንክ ጸሐፊዎች ድካም ቀለለ። በሕይወቱ ያስመዘገባቸው መብቶች ብዙ ናቸው። የሚገርመው፣ የራሱን መብት አጥብቆ የሚጠብቀው ይህ ሰው የጄምስ ዋትን የእንፋሎት ሞተር መብት ተቃውሞ ተከራክሯል።

አሟሟቱም ከማሽኑ የተለየ አልነበረም። በ1814 በሃምፕሻየር ሆልት በተባለው ደን የእርሱ ሃይድሮሊክ ማሽን ዛፎችን ከነሥራቸው ሲነቅል ሥራውን በቅርብ ይቆጣጠር ነበር። በዚያ ቅዝቃዜ መታውና ታመመ፤ በታኅሣሥ 1814 በ66 ዓመቱ አረፈ።

ከእርሳስ ወደ አሉሚኒየም

እርሳስ ለስላሳ ነው፤ በትንሽ ሙቀትም ይቀልጣል። ጠንከር ያሉትን ለመግፋት ብዙ ዘመን ወሰደ። በ1894 አሌክሳንደር ዲክ የነሐስ ቅይጦችን ሳያቀልጥ፣ አግሎ ብቻ የሚገፋበትን ማሽን አስመዘገበ። ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ በ1886 አሜሪካዊው ቻርልስ ማርቲን ሆልና ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ፣ ሁለቱም በ1863 የተወለዱ ወጣቶች፣ ሳይተዋወቁ አሉሚኒየምን በኤሌክትሪክ በርካሽ የሚያወጣውን ዘዴ አግኝተው ነበር። እንደ ጌጥ ይቆጠር የነበረው ብረት የፋብሪካ ዕቃ ሆነ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዲክ ማሽንና የነሆል ብረት ተገናኙ።

ዛሬ አሠራሩ ይህን ይመስላል። ቢሌት የሚባለው ድፍን የአሉሚኒየም ግንድ ከ450 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ስለሆነ ቢሌቱ አይቀልጥም፤ እንደ ጠንካራ ሊጥ ይለሰልሳል እንጂ። ከዚያ በመቶዎች ወይም በሺዎች ቶን የሚቆጠር ጉልበት ያለው የሃይድሮሊክ ፒስተን ዳይ በሚባለው የብረት ቅርፅ ማውጫ በኩል ይገፋዋል። መሃሉ ክፍት የሆነ ፕሮፋይል ሲፈለግ አሉሚኒየሙ በዳዩ ውስጥ ለብዙ ጅረት ይከፈልና በመሃል ያለውን እምብርት ዞሮ እንደገና ተገናኝቶ በግፊቱ ብቻ ይጣበቃል። የወጣው ፕሮፋይል በአየር ወይም በውኃ ይበርዳል፣ ከሁለት ጫፉ ተስቦ ይቃናል፣ ይቆረጣል። ለመስኮት የሚሆነው ዓይነት ጥቂት ማግኒዥየምና ሲሊከን ስላለበት 180 ዲግሪ ገደማ በሆነ ምድጃ ለሰዓታት ሲቆይ ይጠነክራል። በመጨረሻም ይቀባል፣ ወይም በኤሌክትሪክ ኬሚካል ሽፋኑ ይወፍራል።

ጥቅሙ በመስኮት አያበቃም። ክብደቱ ከብረት ሲሶ ገደማ በመሆኑ የጭነት መኪና ስፖንዳ፣ መሰላል፣ የባቡር ፉርጎ አካልና የኤሌክትሪክ መኪና የባትሪ ሣጥን ይሠራበታል። ሙቀት ስለሚያስተላልፍ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችና የኤልኢዲ መብራቶች ማቀዝቀዣ ነው። የሶላር ሰሌዳ ክፈፍም ይሆናል። ጉድለትም አለው። ያው ሙቀት አስተላላፊነቱ እንደ አዳማ ባለ ሞቃት ከተማ የውጪውን ግለት ወደ ቤት ስለሚያስገባ ጥሩ ፕሮፋይሎች በመሃላቸው ሙቀት የሚከለክል የፕላስቲክ ንጣፍ ይደረግላቸዋል። እርጥብ ሲሚንቶና ኖራም ገጹን ይበላዋል። ግንበኛው ሥራውን ሳይጨርስ የፕሮፋይሉን መሸፈኛ ፕላስቲክ መላጥ የሌለበት ለዚህ ነው።

በአሉሚኒየም ሥራ ቤቱ ወለል ላይ የወደቀው ቁርጥራጭም ተራ ነገር አይደለም። አንድ ቶን አሉሚኒየም ከጥሬው ለማውጣት ከ13 እስከ 15 ሺህ ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ከአዳማ ብዙ የማይርቀው የቆቃ ኃይል ማመንጫ በ1960 ሥራ ሲጀምር አቅሙ 43 ሜጋ ዋት ነበር። ይህን ሁሉ ሌት ተቀን ለዚህ ብቻ ቢያውል በቀን 70 ቶን ገደማ ቢያወጣ ነው። ቁርጥራጩን መልሶ ማቅለጥ ግን የዚያን 5 በመቶ ያህል ኃይል ብቻ ይፈልጋል። ቁራሌው ማዳበሪያውን አንግቶ ሲመጣ የሚሰበስበው የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ነው ቢባል አልተጋነነም።

ምን እንማራለን?

ስለ ኢንዱስትሪ ሲነገር ቀድሞ የሚነሳው ማሽን ነው፤ ስንት ቶን፣ በስንት ሚሊዮን ብር። ማሽን በገንዘብ ይገዛል። ዳዩ ሲበላና ፕሮፋይሉ ጠመም ብሎ መውጣት ሲጀምር ግን የት ላይ ስንት መሞረድ እንዳለበት የሚያውቀው ሰው በጨረታ አይገኝም። ያ ሰው በዓመታት ይሠራል። አዳማ ለዚህ እንግዳ አይደለችም። በ1993 የተቋቋመው የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ በቴክኖሎጂ ዘርፎች ያስተምር ነበር። የዛሬው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መሠረቱ ያ ኮሌጅ ነው። ጥያቄው የሠለጠነው ሰው ሥራ ቤት ከገባ በኋላ እንዴት ይያዛል የሚለው ነው።

ብራማህ ክፉ አሠሪ ነበር ለማለት አይደለም። የሰውን ችሎታ ለማየት ዓይን ነበረው፤ የልምምድ ዘመኑን ያልጨረሰ የ18 ዓመት ልጅ ቀጥሮ የሠራተኞች ኃላፊ ማድረግ በዘመኑ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ስህተቱ ያገኘውን ሰው ዋጋ በገበያው ልክ መመዘኑ ነው። በመስኮቱ የሰቀለው ቁልፍ 200 ጊኒ እንደሚያወጣ ያውቅ ነበር። ቁልፉን ለመሥራት ያስቻለው እጅ በሳምንት ከ30 ሺሊንግ በላይ እንደሚያወጣ ግን አልታየውም።

በየከተማችን ባሉት ሥራ ቤቶች ውስጥም መጋዙን ይዞ የቆመ፣ ዓይኑ ሚሊ ሜትር የማይስት አንድ ወጣት አይጠፋም። ሰኞ ጠዋት ደመወዝ ይጨመርልኝ ብሎ ሲመጣ አሠሪው መልስ ከመስጠቱ በፊት ብራማህን ቢያስታውሰው መልካም ነው።